ወሬና መርዶ፤ ሕዝብ ወሬን አምኖ ዜናን የሚጠራጠርበት ምክንያት

ሕዝብ የሐሰት ወሬን ፈጥኖ የሚያምን፣ ከመንግሥት ወይም ከጋዜጣ የሚመጣውን ዜና ግን በጥርጣሬ የሚቀበል ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ስላልተማረ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ አጭር በመሆኑ የተወደደ ይሁን እንጂ ነገሩን አይገልጠውም። በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ የበሬውን ጥርስ ሳያይ፣ ጀርባውን ሳይዳስስና የሻጩን አገር ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም፤ ይኸው ጠንቃቃ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ የሰማውን ወሬ ይዞ ይገባል። በሌላውም ወገን ከፍ ያለ ትምህርት የተማረው ሰው ከዚህ ልማድ ነጻ አለመሆኑን ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪክ በብዙ ምሳሌ ያሳያል። ስለዚህ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በሰሚው አእምሮ ጉድለት ሳይሆን፣ ወሬና ዜና በሚተላለፉበት ሥርዐትና ሕዝቡ ከዚህ ሥርዐት በተማረው ትምህርት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዜና የሚለው ቃል ከግዕዝ የመጣ ሲሆን በጥንት መጻሕፍት የተደረገ ነገር፣ ታሪክ ማለት ነው፤ የነገሥታት ታሪክ «ዜና መዋዕል» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ወሬ ግን የአፍ ቃል ነው። ዜና ከላይ ይወርዳል፤ ወሬ በእኩዮች መካከል ይዘዋወራል። ወሬ የሚለው ቃል በራሱ ስለ ነገሩ እውነተኛነት አይፈርድም፤ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ሕዝቡ በየዐይነቱ ስም አውጥቶለታል። ምንጩ ያልታወቀውንና ገና ያልጠራውን ጭምጭምታ፣ በሰው ስም ላይ የሚወራውን ሐሜት፣ ለክፋት የሚነዛውን አሉባልታ፣ ፈጽሞ ሊሆን የማይችለውን ደግሞ የበሬ ወለደ ወሬ ይለዋል። ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር ይቀበላል ማለት አስቸጋሪ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለውም ተረት የሚያስተምረው ሰሚው የራሱን ሚዛን እንዲያስገባበት ነው።

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በዐዋጅ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዐዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ ይጮኻል፤ «የሰማህ ላልሰማው አሰማ» ተብሎም ይታዘዛል። ይህች አጭር ትእዛዝ የምትመረመር ናት። የዐዋጁን ቃል ከገበያው አውጥቶ ወደየመንደሩ የሚያደርሰው ሌላ መልእክተኛ ሳይሆን የሰማው ሕዝብ ራሱ ነበርና፣ የመንግሥት ዜና ከገበያው ዳር ካለፈ በኋላ ከወሬ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። በመንደር ያለው ሰው ዐዋጁን የሚሰማው ከጎረቤቱ አፍ ነው፤ የሚያምነውም ጎረቤቱን እስካመነ ድረስ ነው። እንግዲህ እምነት የሚሰጠው ለቃሉ ሳይሆን ለተናጋሪው ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር በአፋር ሕዝብ ዘንድ ባለው ዳጉ በተባለው ሥርዐት ጎልቶ ይታያል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከወዴት እንደ መጡ፣ ዝናም የት እንደ ጣለ፣ የግጦሹና የውሃው ነገር እንዴት እንደ ሆነ፣ ሰላም መኖር አለመኖሩን፣ ማን እንደ ሞተ ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰተኛ ዳጉ የነገረ ሰው በጎሣው ዘንድ ይጠየቃል። ስለዚህም ዳጉ ያለ ጽሕፈትና ያለ ራዲዮ በበረሃው ውስጥ በፍጥነት የሚሄድ ብቻ ሳይሆን ተጠያቂ ባለቤት ያለው ዜና ነው። ጋዜጣና ራዲዮ በመጡ ጊዜ ከሕዝቡ የጎደለው ይህ ነበር፤ ድምፁ ይሰማል፣ ተናጋሪው ግን መልሶ አይጠየቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሕዝቡን አሰማም ለመረዳት የሚጠቅመው የመርዶ ልማድ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው አገርና በሌላውም ብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የሞት ዜና ለቅርብ ዘመድ በድንገት አይነገርም። አስቀድመው የሰሙት ዘመዶችና ጎረቤቶች ተመካክረው ይደብቁታል። መርዶ ነጋሪ የሚሆኑት ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባትና የቅርብ ወዳጆች ይመረጣሉ፤ ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያም ገና ሳይነጋ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ይሄዳሉ። በማለዳ ሽማግሌዎችን በደጁ ያየ ሰው አንድ ቃል ሳይነገረው ነገሩን ያውቃል። በሩቅ ያለውን ሰው ወደ ቤት ማስመጣት ሲያስፈልግ ደግሞ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ድረስ» ተብሎ ይላክበታል። ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ሰውዬው በመንገድ ላይ ብቻውን ሳለ ልቡ እንዳይሰበር የተደረገ ርኅራኄ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ልማዱን ይዘውት ሄደዋል፤ በዋሽንግቶን አካባቢ ሳይቀር የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ወዳጆች ከሥራ ሰዓት በፊት በር የሚያንኳኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰው በልጅነቱ በገዛ ቤቱ የሚማረው ነገር አለ። «ትንሽ አሞታል» የሚለው ቃል ሞቷል ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ ታላላቆች ከባድ ነገርን ለሰሚው ሲሉ እንደሚደብቁ፣ ዝምታውም ራሱ ነገር እንደሚናገር ያውቃል። ቅኔን በሰምና ወርቅ የሚፈታ አገር መልእክትንም በዚሁ ዐይን ቢመለከት የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ዕውቀት በቤተሰብ መካከል ጉዳት የለውም፤ የሚደብቀውም የሚደበቅበትም ይተዋወቃሉና፣ መደበቁም ቀን የተቆረጠለት ነውና። ወደ መንግሥት ነገር ሲሻገር ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

የንጉሥ ሞት በጥንቱ ሥርዐት ከባድ የጸጥታ ጉዳይ ነበር። ሕግና ሥልጣን ከንጉሡ ሰውነት ጋራ የተያያዙ ስለ ነበሩ፣ ሞቱ እንደ ተሰማ መንገድ ይዘጋል፣ ሽፍታ ይነሣል፣ ገበያ ይበተናል። ስለዚህ ሞት የሚነገረው ወራሹ ከተዘጋጀ በኋላ ነበር፤ በዐዋጁም «የሞትንም እኛ ነን፣ ያለንም እኛ ነን፤ ነጋዴም ነግድ፣ ገበሬም እረስ» ይባል ነበር። ዐዋጁ ራሱ እንደሚመሰክረው ዋናው ጭንቀት የነጋዴውና የገበሬው ነው። ሩቅ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ ንጉሡ ሞቷል የሚል ጭምጭምታ ሲሰማ ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ወሬው ሐሰት ሆኖ ሳለ ቢያምነው የአንድ ገበያ ትርፍ ይቀርበታል፤ ወሬው እውነት ሆኖ ሳለ ባያምነው ግን ሸቀጡን ምናልባትም ነፍሱን ያጣል። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ወሬን ማመን የጅል ሥራ ሳይሆን የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። ከሩቅ ሆኖ በሕዝቡ ላይ የሚፈርድ ሰው ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የዐፄ ምኒልክ ሕመምና ሞት የዚህ ሁሉ ዋና ምሳሌ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ከጠናባቸው በኋላ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት «ዐፄ ምኒልክ ሞቱ» የሚል ወሬ ደጋግሞ ተወራ፤ በአውሮፓ ጋዜጦች ሳይቀር ታተመ፤ በየጊዜውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይታወጅ ተሰወረ። የለቅሶው ሥርዐት እንደሚገባው ሳይደረግ ዘመን አለፈ፤ ዐፅማቸው ዛሬ ባለበት በታእካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ያረፈው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው የሕዝቡ ትዝታ ነው። ወሬው ብዙ ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ልክ ሆነ፤ በትውልዱ ልብ የቀረው ግን የሳተበት ጊዜ ሳይሆን ልክ የሆነበት ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥቱ ዝም ባለበት ወራት ወሬው እውነቱን ተናግሮ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ወሬ ሁሉ ዋስ ሆኖ ቆመ።

ሐሰተኛ ወሬ ከታች ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ደግሞ የ1909 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። ልጅ ኢያሱ ከእስላሞች ጋራ የነበራቸው ቅርበት «ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል» ወደሚል ክስ ተለወጠ፤ ለምስክርም ፎቶግራፎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ስለ ፎቶግራፎቹ እውነተኛነት የታሪክ ጸሓፊዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ቀን፣ መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ ብዙ ሰው አለቀ። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ልጅ ኢያሱ በልባቸው ምን ያምኑ እንደ ነበር መወሰን አይደለም። ፎቶግራፍ ለብዙው ሰው ገና እንግዳ ነገር በነበረበት ጊዜ፣ ሥዕሉ ራሱ እንደ ዐይን ምስክር መቆጠሩና በታላላቆች እጅ መሠራጨቱ ነው ቁም ነገሩ።

ጋዜጣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በወጣው በአእምሮ ነው፤ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም፣ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ተከተሉ። ሥራቸው ትልቅ ነበር፤ ቋንቋውን አሠልጥነዋል፣ አዲስ ዕውቀት አስገብተዋል። ነገር ግን በአመዛኙ ከዐዋጁ የወረሱት ከላይ ወደ ታች የመናገርን ልማድ ሲሆን፣ ከዳጉ የሚወርሱት ነገር አልነበራቸውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ጠላት በአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ስለ ነበር፣ አርበኛውና የውስጥ አርበኛው የታተመን ቃል ገልብጦ ማንበብን በግድ ተማረ።

የድምፅም ነገር ከጽሕፈቱ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ብራዚል ሄደው ሳለ የክብር ዘበኛ አዛዦች ባስነሡት ዐመፅ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አዲስ መንግሥት መቋቋሙን በራዲዮ አነበቡ፤ ዐመፁ ከከሸፈ በኋላ ተገደው እንዳነበቡ ተነገረ። በዚያው ሰሞን ዐመፀኞቹን የሚያወግዝ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ቃል በወረቀት ታትሞ ተበትኖ ነበር። የከተማው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከታላላቆች ስም የወጡ ሁለት የሚጣረሱ ቃላት ደረሱት። እውነተኛ ድምፅ እውነተኛ ቃል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ የከበደው የወሎ ረኃብ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ ሳለ የአገሩ ጋዜጣና ራዲዮ ስለ ረኃቡ ዝም አሉ፤ ከወሎ የመጣ ነጋዴና ሾፌር ግን ያየውን ይናገር ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ዐወቀ። በኋላም ይኸው ፊልም የንጉሠ ነገሥቱን ግብዣ ከሚያሳይ ሥዕል ጋራ ተቀላቅሎ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ሳይሆን በዕለቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የሰፋው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። እውነትን ለረዥም ጊዜ የሚያፍን መንግሥት እውነቱ በመጨረሻ በጠላቱ እጅ እንዲነገር ያደርጋል፤ የሚነገረውም በጠላቱ አቀናባሪነት ነው።

ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ ራዲዮ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በሕመም ምክንያት መሞታቸውን ተናገረ። ብዙው ሰው አላመነም፤ ታፍነው ተገደሉ የሚለው ወሬ ወዲያው ተነሣ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በፍርድ ቤትም ስለ መገደላቸው ምስክርነት ተሰማ። እንደ 1906ቱ ሁሉ ወሬው ዳግመኛ ዋሱን አገኘ። በዚህ ዘመን ነው መስኮት ዘግቶ የውጭ ራዲዮ መስማት የከተማ ልማድ የሆነው፤ የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ዓ.ም. የአማርኛ ስርጭት ጀምረው ነበርና። የውጭ ጣቢያዎችም የየራሳቸው መንግሥት እጅ እንዳለባቸው ሰሚው ያውቃል፤ የሚያደምጣቸው ቢያንስ የዚህኛው መንግሥት እጅ ስለሌለባቸው ነው።

በ2004 ዓ.ም. የሆነው ነገር ያንኑ የመርዶ ሰዋስው ወደ ዘመናዊው የመገናኛ ብዙኃን ያመጣዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሰኔ ወር በኋላ በአደባባይ አልታዩም። መንግሥት ታመው እንደ ነበርና እየተሻላቸው መሆኑን፣ በሐኪም ምክርም ዕረፍት ላይ እንዳሉ ተናገረ። «ትንሽ አሞታል» የሚለውን ቃል በየቤቱ የለመደ ሕዝብ ምን ብሎ እንደ ተረጎመው መገመት አያስቸግርም። ስለ ጤንነታቸው የጻፈው የፍትሕ ጋዜጣ እትም እንዳይሠራጭ ታገደ፤ እገዳውም ለሰሚው እንደ ማረጋገጫ ሆነለት። በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በሐምሌ ወር መሞታቸውን ዘገበ፤ በምንጭነት የተጠራው ድርጅት ግን እንዲህ አላልሁም ብሎ አስተባበለ። በይፋ የተነገረው ሞታቸው ነሐሴ 14 ቀን የሆነ ሲሆን በማግሥቱ ለሕዝብ ተገለጸ። በሐምሌ የወጣው ዘገባ ምንጩ ቢክደውም፣ በብዙ ሰው ትዝታ ግን «እነርሱ ቀድመው ነግረውን ነበር» ተብሎ ቀረ። የምኒልክ ዘመን ወሬ የተጓዘበት መንገድ ይኸው ነው፤ መቶ ዓመት ግድም ያለፈበት፣ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ የሆነ።

እዚህ ላይ ግን የዚህ አሰማም ድካም ይገለጣል። መንግሥት አለ ሲል የለም ብሎ የሚተረጉም ሰው ራሱን ነጻ አድርጎ ይገምታል፤ በእውነቱ ግን እንደ አማኙ ሁሉ በሌላ ሰው አፍ የሚመራ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ተቃራኒው መሄዱ ብቻ ነው። መንግሥት አልፎ አልፎ እውነት በሚናገርበት ጊዜ ይህ ሰው በእርግጥ ይስታል። ተንኰለኛም ይህን ዐውቆ፣ ሐሰቱን «የተደበቀ እውነት» ብሎ ቢያቀርብለት በቀላሉ ይቀበላል።

የእጅ ስልክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ያመጡት አዲስ ነገር በዚህ በኩል መታየት አለበት። በዳጉ ሥርዐት «ማን ነገረህ?» ሲባል ስሙ ይጠራል፤ «እርሱስ ከማን ሰማ?» ሲባልም መንገዱ ወደ ኋላ ይቀጥላል። ዛሬ መልእክቱ የሚደርሰው ከአጎት፣ ከዕድር ጓደኛ ወይም በውጭ አገር ካለች እኅት ስለ ሆነ ለእነርሱ የሚሰጠው እምነት ሁሉ አብሮ ይሰጠዋል፤ ከእነርሱ በላይ ያለው ግን አይታወቅም። የጎረቤት ፊት አለው፤ የጎረቤት ኀላፊነት የለውም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ጊዜ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች የዕለቱ ሥዕሎች ተብለው ተሠራጭተዋል፤ ይህም በሁሉም ወገን ነበር። በዚያው ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ከትግራይ ተቋርጦ ስለ ነበር፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ሊለይ የሚችለው የዐይን ምስክር መናገር አልቻለም። ሐሰቱ ያሸነፈው በብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ ቦታው ባዶ ስለ ቀረለትም ነው።

የጦርነቱ ሙታን ነገር ግን ሕዝቡ ወሬንና የታወቀ ዜናን ምን ያህል እንደሚለይ ያሳያል። በልማዱ በወሬ ለቅሶ አይቀመጡም። ሞቷል የሚል ጭምጭምታ ቢሰማም መርዶ እስኪነገር ድረስ ድንኳን አይተከልም፣ የኀዘን ልብስ አይለበስም፣ ተዝካር አይወጣም፤ ወሬ ለጥንቃቄ እንጂ ለኀዘን አይበቃምና። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በትግራይ ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ የሄዱባቸው ብዙ ቤተሰቦች ለወራት በዚህ መካከል ቆዩ። ከተመለሱ ባልንጀሮች አፍ የሰሙት ነገር ነበር፤ ግን መርዶ አልነበረም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን ኀዘን ዐውጆ የሞቱትን ለየቤተሰባቸው በይፋ ማርዳት ጀመረ። ያን ጊዜ በየመንደሩ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ቀድሞ ወሬውን የሰሙትም፣ ያላመኑትም፣ ሰምተው ዝም ያሉትም አብረው አለቀሱ።